ከፓሮስ ወጥቶ ማታ ፓሮስ መግባት፦ በግሪክ ደሴቶች መካከል የአንድ ቀን የመርከብ ጉዞ

በግሪክ ደሴቶች መካከል ደርሶ መልስ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚፈለገው የመሄጃው ሳይሆን የመመለሻው መርከብ ነው። ማታ ወደ ማረፊያዎ የሚመልስዎትን መርከብ ያግኙ። እሱ ቢቀር የሚተካ ሌላ ከኋላው መኖሩን ያረጋግጡ። ጠዋት በምን እንደሚሄዱ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርግና ደሴቱን ሳያይ ይመለሳል፤ አለዚያም ሳያስበው እዚያው ያድራል።

ምክንያቱ የመርከቦቹ አሠራር ነው። ፓሮስና ናክሶስ ያሉበት የደሴቶች ስብስብ ሲክላደስ ይባላል፤ ትልልቆቹ የሲክላደስ መርከቦች ሁለት ደሴቶችን ለማገናኘት ብቻ የሚመላለሱ አይደሉም። ጠዋት ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ይነሱና ፓሮስንና ናክሶስን እየነኩ ሳንቶሪኒ ድረስ ይወርዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። 07:30 ገደማ ከፒሬየስ የወጣ ትልቅ ፌሪ ፓሮስ የሚደርሰው ወደ እኩለ ቀን ነው፤ ናክሶስ ደግሞ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ። ሲመለስ ናክሶስን የሚነካው አመሻሽ ላይ ነው። በዚህ መርከብ ብቻ ሄደው ቢመለሱ ናክሶስ ላይ የሚቀርዎት ከአራት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ለከተማው ይበቃል፤ ለተራራ መንደሮቹ ግን አይበቃም።

መፍትሔው ሁለቱን ዓይነት መርከቦች ማቀላቀል ነው። በበጋቸው፣ በተለይ በፈረንጆቹ ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ካታማራን የሚባሉ ባለ ሁለት ቀፎ ፈጣን መርከቦች ጠዋት ከፓሮስ ወደ ናክሶስ ይወጣሉ። በእነሱ ሄዶ ማታ በትልቁ ፌሪ መመለስ ሙሉ ቀን ይሰጣል። ካታማራኑ መንገዱን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ፌሪው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ዋጋው ግን በደንብ ይለያያል፤ ፌሪው ርካሽ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ለካታማራን ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈለው ለፍጥነቱ ሳይሆን ለመነሻ ሰዓቱ መሆን አለበት። ሁለቱም ተቀራራቢ ሰዓት ላይ የሚነሱ ከሆነ ፌሪውን ይምረጡ። ክፍት ሰገነት አለው፣ በሞገድ ብዙም አይናጥም፣ ነፋስ ሲበረታም በቀላሉ አይቀርም።

አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚወስን በትንሿ ኤክስፕሬስ ስኮፔሊቲስ ይታያል። ይቺ መርከብ አሞርጎስን፣ ዶኑሳን፣ ኩፎኒሲያን፣ ስኪኑሳንና ኢራክሊያን ከናክሶስ ጋር ታገናኛለች። ናክሶስ ላይ ያረፈ እንግዳ ስሟን ሲሰማ ጠዋት ኩፎኒሲያ ሄዶ ማታ የሚመለስባት ይመስለዋል። እሷ ግን የተሠራችው ለትንንሾቹ ደሴቶች ነዋሪዎች ነው። በማለዳ ከአሞርጎስ ተነስታ ሰዎቹን ለሐኪም፣ ለባንክና ለገበያ ናክሶስ ታደርሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ትመልሳቸዋለች። ኩፎኒሲያ ያረፈ ሰው ናክሶስን በቀን አይቶ ይመለስባታል፤ ናክሶስ ያረፈ ግን አይችልም። ለእሱ ያለው አማራጭ የበጋ ካታማራን ወይም የሽርሽር ጀልባ ነው።

ስለዚህ ማረፊያ ከመያዝዎ በፊት የሚፈልጓቸውን ደሴቶች የመርከብ ሰዓት ይመልከቱ። ለጀማሪ ከፓሮስ የተሻለ መነሻ የለም፤ በሲክላደስ መሃል ያለ ትልቅ መተላለፊያ ነው፣ ወደ ናክሶስ፣ ወደ ሚኮኖስና ወደ አንቲፓሮስ በየአቅጣጫው ያስወጣል።

ትኬትና ሰዓት

ትኬት በኩባንያዎቹ ድረ ገጽ፣ እንደ ፌሪሆፐር ባሉ መሸጫዎች ወይም ወደቡ ፊት ለፊት ባሉት የትኬት ቢሮዎች ይገኛል። የሁሉንም ኩባንያዎች ሰዓት ጎን ለጎን የሚያሳይ ገጽ ይጠቀሙ፤ የአንዱ ኩባንያ ገጽ የሌላውን መርከብ አያሳይም። ትኬቱ ስም ይጻፍበታል፤ ፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው ያስገቡት፤ የአያት ስም ሳጥኑ ውስጥ የቱን እንደጻፉም ለመመለሻው ያስታውሱ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በነፃ፣ ከ5 እስከ 10 ያሉትን በግማሽ ዋጋ ያሳፍራሉ፤ ሕፃኑም ቢሆን ግን ትኬት ሊቆረጥለት ይገባል፤ ያለ ትኬት የመርከቡ መሳፈሪያ መሰላል ላይ ያስቆሙዎታል።

ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ እዚህ የተጻፈውም እንደዚያው ነው። በአበሻ ሰዓት መቁጠር ለለመደ አንድ ስህተት ቅርብ ነው፦ 18:45 ማለት ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ45 ነው። 00:40 የሚል ትኬት ደግሞ ቀኑ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ፣ «ማክሰኞ 00:40» የሚወጣው ሰኞ ማታ ነው። በበጋ የግሪክ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፤ በክረምታቸው ግን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

ሄደው የሚመለሱባቸው መርከቦች የተለያዩ ኩባንያዎች ከሆኑ አንዱ ስለዘገየ ሌላው አይጠብቅዎትም። ደሴቱ ላይ ቢያንስ አራት ሰዓት የሚያቆይ እቅድ ያውጡ፤ መሄጃው አንድ ሰዓት ቢዘገይ እንኳ ቀኑ አይበላሽም። መርከብዎ የት እንዳለ ማሪንትራፊክ በተባለው መተግበሪያ ካርታ ላይ በስሙ ፈልገው ማየት ይችላሉ። ከሳንቶሪኒ 40 ደቂቃ ዘግይቶ የተነሳ ፌሪ ናክሶስም የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ጸሐይ ላይ ቆሞ ከመጠበቅ ይድናል። ይሁንና ከወደቡ አይራቁ፤ አንዳንዱ ካፒቴን መንገድ ላይ ይካካሳል።

ነፋሱ

ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ጁላይና ኦገስት፣ ኤጂያን ባሕር ላይ መልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጸሐይዋ ደምቃ ሳለ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሰማይ አይቶ «ዛሬ ሰላም ነው» ማለት አይሠራም። ብዙ ጊዜ ጠዋት ለስለስ ብሎ ይጀምርና ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ለደርሶ መልስ ተጓዥ ትልቁ አደጋ ይኸው ነው፦ ጠዋት የሄደችው ጀልባ ማታ ላትወጣ ትችላለች። ትንበያ ሲያዩ የጠዋቱን ትተው የመመለሻ ሰዓትዎን ነፋስ ይመልከቱ፤ የሚቀጥለውንም ቀን ጨምረው።

ግሪኮች ነፋስን የሚለኩት በቦፎር ነው። 4 ቦፎር በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር፣ 6 ደግሞ ከ39 እስከ 49፣ 8 ከ62 እስከ 74 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ 4 ድረስ በማንኛውም ጀልባ ይሂዱ። 5 ላይ ትልቁን ፌሪ ይምረጡ። 6 ከተተነበየ የሽርሽር ጀልባዋን ይተዉ፤ ብትወጣም እንኳ ቀኑን ሙሉ ሆድዎ ሲገለባበጥ ነው የሚውለው። 7 የሚል ቀን ላይ እዚያው ባሉበት ደሴት በአውቶቡስ መዞር ይሻላል። ነፋሱ ሲበረታ መጀመሪያ የሚታገዱት ትንንሾቹ ጀልባዎች ናቸው፤ ቀጥሎ ካታማራኖቹ፤ ትላልቆቹ ፌሪዎች መጨረሻ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ 8 ቦፎር ሲደርስ። እገዳውን የሚያወጣው የወደብ ባለሥልጣን ነው፤ «አፓጎረፍቲኮ» ሲሉ ከሰሙ የጉዞ እገዳ ወጥቷል ማለት ነው።

እገዳ ሲወጣ ወደብ ላይ የሚቆጣ መንገደኛ አይጠፋም። ከፓሮስ ዋና ወደብ ከፓሪክያ የሚወጣ መርከብ የባሕረ ሰላጤውን አፍ ሲያልፍ ፖርቴስ የሚባሉ ድንጋዮች ከውኃው ብቅ ብለው ይታያሉ። ኤክስፕሬስ ሳሚና የተባለው ፌሪ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2000 ሌሊት፣ ነፋሱ በርትቶ ሳለ፣ ከእነዚህ ድንጋዮች ጋር ተጋጭቶ ሰጥሟል፤ ከ80 ሰው በላይ ሞቷል። የወደብ ባለሥልጣናቱ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም።

ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው ዳይመንሃይድሪኔት የያዘ ክኒን ከመነሳቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይውሰድ፤ መናጡ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ክኒኑ እንቅልፍ ያመጣል፤ የወሰደ ሰው ደሴቱ ላይ ሞተር ብስክሌት መንዳት የለበትም። መርከቡ ውስጥ መሃል ላይና ዝቅ ያለው ፎቅ ላይ ይቀመጡ፤ ስልክዎን ትተው ሩቅ አድማስ ይመልከቱ። ባዶ ሆድም የጠገበ ሆድም ያስቸግራል፤ ደረቅ ዳቦ ጥሩ ነው።

ወደቡ ላይ

ከመነሻው 30 ደቂቃ በፊት ይድረሱ። በበጋ አንድ ወደብ ላይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለትና ሦስት መርከብ ይገባል፤ ሰልፉም እርስ በርሱ ይደባለቃል። ሰው ስለተንቀሳቀሰ ብቻ አይከተሉ። የመርከቡን ስም ጎኑ ላይ ያንብቡ፤ ትኬቱን የሚያየውን ሠራተኛ «ናክሶስ?» ብለው ይጠይቁት። ትልቁ ፌሪ ጀርባውን ወደ ወደቡ አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ሰፊው የብረት መሰላል ይወርዳል፤ የሚወርደው ሰው፣ የጭነት መኪናውና የሚሳፈረው ሰው ሁሉ በዚያው ያልፋሉ። ሞገድ ካለ የመሰላሉ ጫፍ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ብረቱም ርጥብ ነው። ልጅ እጅ ይያዙ፤ በነጠላ ጫማ አይሩጡ። ሁሉም የሚያልቀው ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው።

መውረዱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመድረሱ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ በድምፅ ማጉያ በግሪክኛና በእንግሊዝኛ ይነገራል። ያን ጊዜ ተነስተው መኪናዎቹ ወዳሉበት ታችኛው ፎቅ ይውረዱና በሩ ሳይከፈት እዚያ ይጠብቁ። መርከቡ ቆሟል ብሎ ከላይ መነሳት የጀመረ ሰው ደረጃው ላይ ከሚወጡት ጋር ይጋጫል፤ በሩም ይዘጋበታል። በተለይ ማታ ወደ ፓሮስ ሲመለሱ እንቅልፍ አይጣልዎት። ከፓሮስ በኋላ ያለው ማቆሚያ ብዙ ጊዜ ፒሬየስ ነው፤ አራት ሰዓት ርቆ፣ በእኩለ ሌሊት ገደማ።

የት ልሂድ?

ናክሶስ ላይ ወደቡ ራሱ ከተማው ነው። ከመርከቡ ሲወርዱ በግራ በኩል፣ በጠባብ መተላለፊያ ከከተማው ጋር በተያያዘች ትንሽ ደሴት ላይ፣ ፖርታራ የሚባለው ትልቅ የእብነ በረድ በር ይታያል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ የአፖሎ ቤተ መቅደስ በር ነው፤ በእግር አስር ደቂቃ አይሞላም። የአውቶቡስ መነሻው እዚያው ወደቡ ፊት ነው። ትኬቱን ከመሳፈርዎ በፊት ከቢሮው ይግዙና የመመለሻውን ሰዓት ሰሌዳ በስልክዎ ያንሱት። ወደ ሃልኪ መንደር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ከፍ ብሎ ፊሎቲና አፒራንቶስ አሉ። እሑድ አውቶቡስ ይቀንሳል። ከመርከብዎ በፊት ያለውን የመጨረሻ አውቶቡስ ሳይሆን ከእሱ ቀድሞ ያለውን ይያዙ። መዋኘት ብቻ ከፈለጉ አውቶቡስ አያስፈልግም፤ አጊዮስ ዮርጊዮስ የባሕር ዳርቻ ከወደቡ በእግር ሩብ ሰዓት ነው።

አንቲፓሮስ ከሁሉም ትቀላለች። ከፓሮስ ፑንታ በተባለው ቦታ የመኪና ፌሪ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ ማቋረጡ አስር ደቂቃ አይሞላም፣ ቦታ ማስያዝ አያስፈልግም፤ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። በክረምታቸውም አይቋረጥም። ደሴቷ ላይ ያለውን ትልቅ ዋሻ ማየት ከፈለጉ ጠዋት ይሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ወደ ውስጥ የሚወርደው ደረጃ ከ400 በላይ ስለሆነ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይወቀው፤ መውጣቱም በዚያው ነው። በ1673 የገና ቅዳሴ እዚህ ዋሻ ውስጥ ተቀድሷል፤ ያስቀደሰው በኦቶማን መንግሥት የፈረንሳይ አምባሳደር የነበረው ማርኪ ደ ኗንቴል ነው።

የጥንት ፍርስራሽ ያለበት ደሴት ዴሎስ ግን ለብቻው ይታሰብ። ጀልባዎቹ የሚነሱት ከሚኮኖስ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው መንገዱ። ሚኮኖስ ሁለት ወደብ አለው፦ ከሌሎች ደሴቶች የሚመጡት መርከቦች የሚቆሙት ቱርሎስ በሚባለው አዲሱ ወደብ፣ የዴሎስ ጀልባዎች የሚነሱት ደግሞ ከተማው ውስጥ ካለው አሮጌው ወደብ ነው። ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በመካከላቸው ትንሽ የባሕር አውቶቡስ ይመላለሳል። ከፓሮስ መጥቶ በዚያው ቀን ዴሎስን አይቶ የሚመለስ ሰው ለዚህ መሸጋገሪያ አንድ ሰዓት ይመድብ። የጀልባው ትኬትና የጥንታዊው ሥፍራ መግቢያ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይከፈላሉ፤ ሲገዙ የትኛው እንደተካተተ ይጠይቁ።

ዴሎስ ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ለሰው አንድ ሊትር ተኩል ውኃ፣ ባርኔጣና የተዘጋ ጫማ ያስፈልጋል። ከጀልባው ሲወርዱ ብዙው ሰው በቀጥታ ወደ አንበሶቹ ሐውልት ይሄዳል። እርስዎ በተቃራኒው ይሂዱ፦ ጸሐይዋ ሳትከር ኪንቶስ ተራራ ላይ ይውጡ፤ ከፍታው 112 ሜትር ብቻ ነው፣ በዙሪያው ያሉት ደሴቶች ቀለበት ሠርተው ከላይ ይታያሉ። ከዚያ በቲያትሩ ሰፈር በኩል፣ ወለላቸው በሞዛይክ ያጌጠ የጥንት ቤቶችን እያዩ ይውረዱ። የአንበሶቹን ሐውልት ያቆሙት የናክሶስ ሰዎች ናቸው፤ ውጭ የሚታዩት ቅጂዎች ሲሆኑ ዋናዎቹ ከነፋስና ከጨው እንዲጠበቁ ሙዚየም ገብተዋል። ሦስት ሰዓት ይበቃል። ጎብኚ ማደር አይፈቀድለትም፤ የመጨረሻዋ ጀልባ እዚህ እውነትም የመጨረሻ ናት።

ጾመኛ ከሆኑ

የግሪክ ምግብ ቤት የጾም ምግብ ያውቃል፤ «ኒስቲሲሞ» ብለው ይጠይቁ። ልብ ይበሉ፦ በእነሱ ሥርዓት ኦክቶፐስ፣ ሽሪምፕና ሌላ ደም የሌለው የባሕር ምግብ በጾም ይበላል፤ የማይፈልጉ ከሆነ ለይተው ይናገሩ። ፋቫ የሚሉት ከቢጫ ክክ የሚሠራ ነው፣ የእኛን አልጫ ክክ አድቅቀው በወይራ ዘይት ያቀረቡት ይመስላል። ጊጋንቴስ የሚባለው ትልቅ ቦሎቄ በቲማቲም፣ ሆርታ የተባለው የተቀቀለ ቅጠልም አሉ። ፋቫው ላይ አይብ እንዳይጨምሩ አስቀድመው ይንገሩ።

የእነሱ የፍልሰታ በዓል ኦገስት 15 ነው፤ የእኛ ነሐሴ 16፣ በእነሱ ኦገስት 22፣ ከመዋሉ ሳምንት ቀድሞ። ቲኖስ ላይ ያለችው የኤቫንጌሊስትሪያ ቤተ ክርስቲያንና ፓሮስ ላይ ያለችው ጥንታዊቷ ኤካቶንታፒሊያኒ በሕዝብ ይሞላሉ። በዚያ ሳምንት ደርሶ መልስ ያሰበ ትኬቱን ከሳምንታት በፊት ይቁረጥ። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ቢቀርስ?

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 1177/2010 መሠረት መርከቡ ከተሰረዘ ወይም ከ90 ደቂቃ በላይ ከዘገየ ምርጫው የእርስዎ ነው፦ በሌላ መርከብ መጓዝ ወይም ገንዘብዎን በ7 ቀን ውስጥ መቀበል። ይህ ነፋስ ባመጣው ስረዛም ይሠራል። የሆቴል ወጪ፣ በሌሊት እስከ 80 ዩሮ ለሦስት ሌሊት፣ የሚሰጠው ግን ምክንያቱ የአየር ሁኔታ ካልሆነ ብቻ ነው፤ መልቴሚ ካስቀረዎት የአልጋውን ይከፍላሉ። የሽርሽር ጀልባዎች በዚህ ደንብ አይሸፈኑም፤ ከመክፈልዎ በፊት «ነፋስ ቢከለክል ገንዘቤ ይመለሳል?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። የመርከበኞች አድማም አለ፤ ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት ይቆያል፣ ቀደም ብሎም ይነገራል። ባሕር ላይ አደጋ ሲያጋጥም የጠረፍ ጠባቂው ቁጥር 108፣ አጠቃላዩ 112 ነው።

ስለዚህ በቦርሳ ውስጥ የሁለት ቀን መድኃኒት፣ የስልክ ቻርጀርና ለአንድ አዳር የሚሆን ገንዘብ ይያዙ። አውሮፕላን የሚሳፈሩበት ቀን ዋዜማ ላይ ደርሶ መልስ በጭራሽ አያቅዱ።

ሰነድ

ደሴቶቹ በሙሉ ግሪክ ስለሆኑ በመካከላቸው ድንበር የለም፤ ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ግን ዋናውን ይያዙ፤ የስልክ ፎቶ ሁልጊዜ አይቀበሉም። በተለይ ቱርክን በሚጎራበቱት በምሥራቅ ኤጂያን ደሴቶች ወደብ ላይ ፖሊስ ሰነድ ሊጠይቅ ይችላል። ሞተር ወይም መኪና የሚከራይ፣ መንጃ ፈቃዱ የኢትዮጵያ ከሆነ፣ ዓለም አቀፍ ፈቃድ አብሮ ያስፈልገዋል። ፓሮስ ላይ የተከራዩትን መኪና ያለ አከራዩ ፈቃድ መርከብ ላይ አይጫኑት፤ ኢንሹራንሱ ላይሠራ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ከግሪኩ ደሴት ከኮስ ወደ ቦድሩም የሚደረገው ጉዞ ነው። ወደብ ላይ እንደማንኛውም ሽርሽር ይሸጣል፣ መንገዱም አጭር ነው። ቦድሩም ግን ቱርክ ናት። በአንድ ጊዜ መግቢያ የሼንገን ቪዛ የመጣ ሰው ወደዚያ በተሻገረ ቅጽበት ቪዛው ያበቃል፤ ማታ ሻንጣው ወዳለበት ኮስ መመለስ አይችልም። ትኬቱን ከመግዛትዎ በፊት ቪዛዎ ላይ የመግቢያ ቁጥሩን ይመልከቱ፦ 1 ካለ ይተዉት፤ ብዙ ጊዜ መግቢያ ቢሆንም ለቱርክ የሚያስፈልግዎትን ቪዛ ለብቻው አጣርተው ይሂዱ።